ከጠርሙስ የሚበልጥ ምስክር

ለመስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ምዕመን ከሚሴ ሲደርስ የቦርከናን ሸለቆ ያገኛል። ጨፋንና ሐርቡን አልፎ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያ ደሴን ወጥቶ በሐይቅ ከተማ በኩል ወደ አምባሰል ይዘልቃል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ወንዞቹ ሙሉ ናቸው፤ ጎርፉ ስላደፈረሳቸውም ቀለማቸው ቡናማ ነው። አፈሩን ሁሉም ያየዋል። ከአፈሩ ጋር ሌላ ምን እንደሚወርድ ግን ከመኪና መስኮት ቀርቶ ከወንዙ ዳር ቆሞም የሚለይ ሰው የለም።

የዚህ አገር ውሃ መጨረሻው የት እንደሆነ ማሰብ ያስፈልጋል። ከአምባሰል ሰንሰለት ወደ ምዕራብ የሚወርደው በበሽሎ በኩል አባይን ይቀላቀላል። ቦርከና ግን ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። ከግሸን ተጓዦች መንገድ አጠገብ ያለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ደግሞ ከአርድቦ ሐይቅ በአንከርካ ወንዝ በኩል ውሃ ይቀበላል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። የባሕር ዳርቻ አገሮች የጣሉትን ነገር ባሕሩ ለጊዜውም ቢሆን ያቀጥንላቸዋል። እኛ ወደ ቦርከና የለቀቅነው ግን ወይ በደለሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይ የታችኛው ተፋሰስ ገበሬና አርብቶ አደር ደጃፍ ይደርሳል፤ ከአገር ወጥቶ የሚጠፋበት ባሕር የለም።

ኮምቦልቻ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራ፣ የሥጋና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆላታል። የፋብሪካዎቹን ፍሳሽ የሚቀበሉት ለዮሌና ወርቃ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ወንዞች ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ቦርከና ይፈስሳሉ። እስክንድር ዝናቡና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 የክረምት ወራት የአምስት ፋብሪካዎችን ፍሳሽና ፍሳሹ ከወንዞቹ ጋር የሚቀላቀልበትን ሥፍራ እየቀዱ ክሮሚየም፣ መዳብ፣ ዚንክና እርሳስ ለክተው ውጤቱን በ2018 አሳተሙ። ከቆዳ ፋብሪካ የወጣው ፍሳሽ የክሮሚየም መካከለኛ ልኬት በሊትር 26,600 ማይክሮግራም ደረሰ። ከብረታ ብረት ማቀነባበሪያ የወጣው ዚንክ ደግሞ 155,750 ሆነ። ሁለቱም ከኢትዮጵያም ከአሜሪካም የፍሳሽ ገደብ እጅግ ያለፉ ናቸው። የቢራው፣ የጨርቃ ጨርቁና የሥጋው ፋብሪካ ፍሳሽ በብረት ነክ ንጥረ ነገሮች በኩል ከገደብ አላለፈም፤ ይህም መነገር አለበት፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የሁሉም ነው ማለት የማንም አይደለም ወደማለት ይወስዳል።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው የለዮሌ ቁጥር ነው። ከፍሳሹ መግቢያ በላይ በሊትር 51 ማይክሮግራም የነበረው ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካው በታች 2,660 ሆነ፤ 52 እጥፍ ማለት ነው። ዚንኩ ከ110 ወደ 520 ወጣ። ይህ የተለካው ደግሞ በክረምት፣ ወንዙ ሞልቶ ፍሳሹን ሊያቀጥን በሚችልበት ጊዜ ነው።

የለኩትን ሰዎች ላመሰግናቸው እወዳለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ በአገራችን ጥቂት ነው። ነገር ግን በጠርሙስ የሚደረግ ልኬት ሁሉ አንድ ድካም አለበት። ጠርሙሱ የያዘው በዚያች ደቂቃ ያለፈውን ውሃ ብቻ ነው። አንዲት ደቂቃ ገበያ አይቶ ስለ ገበያው ውሎ እንደመፍረድ ነው። ፋብሪካ ፍሳሹን በማለዳ ሊለቅ ይችላል፣ በሌሊት ሊለቅ ይችላል፣ ዝናብ ጠብቆ ሊለቅ ይችላል። ቀጂው ማክሰኞ መጥቶ ረቡዕ የወረደውን መርዝ አያገኘውም። ይህን ለመሸፈን በየሰዓቱ መቅዳት ቢፈለግ ደግሞ ሠራተኛውም፣ መኪናውም፣ የቤተ ሙከራው ወጪም ከአንድ ከተማ አቅም በላይ ይሆናል።

የባሕር ሳይንቲስቶች ከዚህ ችግር ጋር ቀድመውን ታግለዋል። ያገኙት መፍትሔ ርካሽና ብልህ ነው፤ ውሃውን ትተው በውሃው ውስጥ የሚኖረውን እንስሳ መለካት ጀመሩ።

ሙሰልና ኦይስተር ባለ ሁለት ዛጎል የባሕር እንስሳት ናቸው። ሙሰል በክር መሰል ነገር፣ ኦይስተር በራሱ ዛጎል አለት ላይ ተጣብቆ ይኖራል፤ ምግቡን ፍለጋ አይሄድም። ውሃውን በአንድ በኩል ስቦ በስንጥቡ ላይ ያሳልፈዋል፣ የሚበላውን ጥቃቅን ነገር ያስቀርና የቀረውን ይተፋል። አንድ ሙሰል በሰዓት ከ1 ሊትር በላይ ውሃ ሊያጣራ ይችላል። 1 ሊትር ብቻ ብለን ብናሰላ በሦስት ወር ውስጥ ከ2,000 ሊትር በላይ ውሃ በሰውነቱ ያልፋል። በውሃው ውስጥ የሟሟው ብረት፣ ከደለል ጋር የተጣበቀው መርዝ፣ በዘይት የሚሟሟው ፀረ ተባይ ኬሚካል ሁሉ በሥጋው ይጠራቀማል። ካድሚየምና መዳብ የመሳሰሉትን ብረቶች የሚይዙ ልዩ ፕሮቲኖች አሉት፤ ዲዲቲን የመሰሉ ኬሚካሎች ደግሞ ስቡ ውስጥ ይገባሉ። ዓሣ እነዚህን መርዞች የሚሰባብርበት ጉበት አለው፤ ሙሰል ግን በዚህ ረገድ ደካማ ስለሆነ የገባበትን ብዙውን ይዞት ይቆያል። በውሃው ውስጥ ለመሣሪያ እንኳ የማይታይ የነበረ ነገር በእንስሳው ሥጋ ውስጥ በሺህ እጥፍ ተከማችቶ ይገኛል። ከዚህም በላይ ባለበት የሚኖር ስለሆነ የሚሰጠው ምስክርነት የሌላ ቦታ አይደለም፤ የዚያው የተጣበቀበት አለት ነው።

አሜሪካውያን ከ1965 እስከ 1972 ድረስ የባሕር ዳርቻ ኦይስተሮችን እየሰበሰቡ ዲዲቲ ለክተዋል። በ1975 ደግሞ በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም የነበሩት ኤድዋርድ ጎልድበርግ ዓለም በሙሉ በሙሰል አማካይነት ባሕሩን እንዲጠብቅ ሐሳብ አቀረቡ። ፈረንሳይ የራሷን የባሕር ዳርቻ ክትትል ከዚያ በፊት በ1974 ጀምራ ነበር። ከ1986 ጀምሮ የአሜሪካ የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር ይህንኑ ሥራ በቋሚነት ይዞታል፤ ናሙና የሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች ወደ 300 ይጠጋሉ። የአሠራሩ ዋና ጉልበት ድግግሞሹ ነው። ተመሳሳይ ቦታ፣ ተመሳሳይ ዝርያ፣ ተመሳሳይ ወቅት፣ ተመሳሳይ መጠን ያለው እንስሳ፤ ዓመት ከዓመት። በዚህ መንገድ ዲዲቲ በአሜሪካ በ1972 ከታገደ በኋላ መጠኑ በባሕሩ ውስጥ እየቀነሰ መሄዱን በቁጥር ማየት ተችሏል። ሕግ መውጣቱን ጋዜጣ ይነግራል፤ ሕጉ መሥራቱን የነገረው ግን የሙሰሉ ሥጋ ነው።

በፈረንሳይ አርካሾን ባሕረ ሰላጤ የሆነውን ደግሞ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ማንም መርማሪ ሳይላክ እንስሳቱ ራሳቸው ክስ ያቀረቡበት ነው። አርካሾን የታወቀ የኦይስተር እርባታ ሥፍራ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ አርቢዎቹን ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። ጫጩት ኦይስተር ጠፋ። ያሉትም ዛጎላቸው ያለ ቅጥ ወፍሮ፣ በውስጡ ክፍልፋይ እያበጀ ክብ ኳስ መስሎ ሥጋቸው ኮሰሰ። ውሃው ለዓይን ንጹሕ ነበር፣ ሽታም አልነበረውም። ተመራማሪዎቹ ነገሩን ተከታትለው የደረሱበት ትሪቢዩቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ውሕድ ነው። በባሕረ ሰላጤው የታሰሩት የመዝናኛ ጀልባዎች ሆዳቸው ላይ ዛጎልና አልጌ እንዳይጣበቅ የሚቀቡት ቀለም ውስጥ ያለ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የግራም ቢሊዮንኛ ጥቂት ክፍል ብቻ ሆኖ ኦይስተሩን ያበላሸዋል። ፈረንሳይ በጥር 1982 ከ25 ሜትር በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ቀለሙን አገደች፤ ከዚያ በኋላ አርካሾን ጫጩት ማየት ጀመረ። በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ይኸው ቀለም እንስት የባሕር ቀንድ አውጣዎችን የወንድ ብልት እንዲያበቅሉ አድርጎ መካን ሲያደርጋቸው ተገኘ። በመጨረሻ ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ስምምነት ሆኖ በ2001 ተፈረመ፣ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። የአንድ የባሕር ወሽመጥ አርቢዎች አቤቱታ የዓለምን መርከብ ሁሉ ቀለም አስቀየረ።

ምስክሩ ግን ሁሉን ነገር እኩል አይናገርም። ሙሰል ዚንክ ሲበዛበት ራሱ እያስወገደ መጠኑን ይቆጣጠራል፤ ኦይስተር ግን ዚንክና መዳብን ያለ ገደብ ያከማቻል። ስለዚህ እንደ ለዮሌ ያለ ዚንክ የበዛበትን ውሃ ለማወቅ ሙሰል ብቻ ቢጠየቅ ችግር የለም ብሎ ሊያሳስት ይችላል። እንስሳው ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ እንቁላል ሊጥል የደረሰ ይሁን ጥሎ የከሳ፣ ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ፣ ሁሉም ቁጥሩን ይለውጠዋል። ለዚህ ነው አንድ እንስሳ አይበቃም የሚባለው። በርከት ያሉት ተሰብስበው ሥጋቸው በአንድ ላይ ይፈጫል፣ ይደርቃል፣ በአሲድ ይሟሟል፣ ከዚያ በመሣሪያ ይለካል። እንስሳው በሌለበት ቦታ ደግሞ ከንጹሕ ውሃ የመጣው በመረብ ቀፎ ተደርጎ ይንጠለጠላል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ወጥቶ በገባበትና በወጣበት ቀን ያለው ልዩነት ይታያል። ይህ የቀፎ ዘዴ ለወንዝ በጣም ይመቻል፤ አንዱ ከፍሳሹ በላይ፣ ሌላው ከፍሳሹ በታች ይታሰራል።

ከበላይና ከበታች ማነጻጸርን ኢትዮጵያዊ ሊቅ በሚገባ ተጠቅሞበታል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አጠገብ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከበላይ በኩል ያሉት ደህና ነበሩ። የእንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት የታወቀው እንዲህ ነው፤ በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። ያን ቀን የተደረገው ነገር በትክክል ሲታይ የውሃ ምርመራ ነው። አክሊሉ ለማ በጠርሙስ ውሃ ቀድተው እንዶድ አልፈለጉም፤ ባለ ዛጎሉ እንስሳ በወንዙ ውስጥ የወረደውን ነገር ነገራቸው።

የዚህ ታሪክ ሌላው ጫፍ አሜሪካ ድረስ ይደርሳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ ሙሰል የሚባል እንግዳ ዝርያ በመርከቦች ተጭኖ የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ወረረ፤ የውሃ ቧንቧ ሁሉ ደፈነ። በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእኛን እንዶድ ሞክረውበት እንደሚገድለው አረጋገጡ፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብትም አወጡበት። ያው ዜብራ ሙሰል ደግሞ ከ1992 ጀምሮ በሐይቆቹ ውስጥ ለብክለት ክትትል ናሙና ሆኖ ይሰበሰባል። ከዚህ አንድ ማስጠንቀቂያ እንውሰድ፤ ለክትትል ብሎ የባዕድ አገር ሙሰል ወደ ሐይቅ ወይም ወደ አዋሽ ማምጣት ከሚለካው ብክለት የከፋ ጥፋት ሊሆን ይችላል። የሚያስፈልገንን እዚሁ መፈለግ አለብን።

እዚሁ ምን አለ? በወንዞቻችንና በሐይቆቻችን ቀንድ አውጣ አለ። ጨው በሌለው ውሃ የሚኖሩ ባለ ሁለት ዛጎል እንስሳትም አሉ፤ በናይል ተፋሰስ አለት ላይ የሚጣበቀው ኤቴሪያ የተባለው የወንዝ ኦይስተር አንዱ ነው። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩት የነፍሳት እጮች ደግሞ በየወንዙ ሞልተዋል። አስቻለው ላቀውና ኦቶ ሞግ በ2015 ያሳተሙት ኢትባዮስ የተባለው የነጥብ አሰጣጥ የተሠራው በእነዚህ ጥቃቅን የወንዝ እንስሳት ላይ ነው፤ ብክለት የማይችሉት ሲጠፉና የሚችሉት ብቻ ሲቀሩ የደጋ ወንዝ ጤንነት በነጥብ ይታወቃል። ይህ ዘዴ መረብ፣ ነጭ ሣህንና የሠለጠነ ዓይን ይፈልጋል። ወንዙ መታመሙን ይናገራል፤ ያሳመመው ክሮሚየም ነው ወይስ ዚንክ ብሎ ግን አይለይም። ለዚያ የእንስሳው ሥጋ መለካት አለበት። ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ብዙ ነገር ይታወቃል።

ዓሣም ምስክር ሆኗል። ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ጥናት በሐዋሳ ሐይቅ አንድ ዓይነት ዓሣ፣ ቢልጫ፣ በሚበላው ምግብ ምክንያት የሜርኩሪ መጠኑ እጅግ እንደሚለያይ አሳይተዋል። ሌላ ዓሣ የሚበላው ከማይበላው እጅግ የበለጠ ሜርኩሪ ይዞ ተገኘ። በቆቃ ሐይቅ ዓሦች ላይ በ2011 የታተመው ጥናትም ዲዲቲ በሥጋቸው ውስጥ መኖሩን መዝግቧል። ዓሣ ግን ይዋኛል። የያዘው መርዝ ከየትኛው ጥግ እንደመጣ አይናገርም፤ ፋብሪካን ከፋብሪካ ለመለየት አይረዳም። ባለበት የሚቀመጠው ባለ ዛጎል የሚመረጠው በዚህ ነው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም የወሎ ሰው ቀንድ አውጣም ሆነ ኦይስተር ወደ ገበታው አያቀርብም፤ የሚበላው ሌላ ስለሆነ ይህ ጉዳይ አይመለከተኝም ሊል ግን አይችልም። ለዮሌ ውስጥ ያለ ቀንድ አውጣ የነካውን ውሃ ከታች ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል።

የሐይቅ ከተማው ሐይቅ ነገር ከዚህ ይለያል፤ በአቡነ ኢየሱስ ሞአ ገዳም የታወቀው ይህ ውሃ የፋብሪካ ፍሳሽ አይወርድበትም። ያም ሆኖ በመዝገብ የተያዘ ትልቅ ለውጥ አለው። በ1938 ጣሊያኖች ሲለኩት ነጭ ሣህን ወደ ውሃው ሲወርድ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ይታይ ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 1.2 ሜትር ላይ ይሰወር ጀመር። ኤልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቿ በ1992 ይህን ሲያሳትሙ ውሃው በአልጌ መሞላቱን አሳይተዋል፤ በ1978 ወደ ሐይቁ ከተጨመረው ቆሮሶ ከተባለው ዓሣ ጋር አያይዘውታል። እዚህ ላይ የምፈልገው ነጥብ የ1938ቱ ልኬት ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ ሐይቁ ድሮም እንዲህ አረንጓዴ ነበር ይባል ነበር። ለቦርከና እንዲህ ያለ መነሻ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ካልተያዘ ከሃያ ዓመት በኋላ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

ባለ ዛጎሉን ምስክር ማድረግ ከዚህም በላይ ይሄዳል፤ በዋርሶ ከተማ የመጠጥ ውሃውን 8 የወንዝ ሙሰሎች ሌት ተቀን ይጠብቁታል። ዛጎላቸው ላይ መሣሪያ ተለጥፏል፤ መርዝ ሲሸታቸው ይዘጋሉ፣ ብዙዎቹ በአንድ ጊዜ ከዘጉ ማንቂያው ይጮኻል። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም፤ ለመጀመር ግን ያን ያህል መሣሪያ አያስፈልገንም።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ዓ.ም.) ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የኮምቦልቻው ጥናት የደረሰበት ድምዳሜም ሕግ እያለ የሚያስፈጽም መታጣቱን፣ የኢንቨስትመንት ፍላጎትና የአካባቢ ጥበቃ አለመጣጣማቸውን ነው። ይህ ፍርድ ትክክል ይመስለኛል። ፋብሪካ ይዘጋ የሚል የለም፤ በኮምቦልቻ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በእነዚህ ፋብሪካዎች ደመወዝ ነው። ክሮሚየም ግን ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት ከፍሳሹ ተለይቶ ሊወጣ፣ ተመልሶም ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ነገር ነው። ወደ ወንዝ የሚለቀቀው መለየቱ ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ አለመለየቱን ደግሞ የሚከታተል ስለሌለ ነው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው። በሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል የወንዝ እንስሳትን የሚያውቁ ሰዎች አሉት። ለዮሌ ላይ ከፍሳሹ መግቢያ በላይና በታች፣ ቦርከና ላይ ከኮምቦልቻ በላይና ጨፋ ሳይደርስ፣ የአገራችንን ቀንድ አውጣ በመረብ ቀፎ አድርጎ ማሰር፣ በየሦስት ወሩ እያወጡ ሥጋውን መለካት፣ ቁጥሩንም በከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ለሁለቱ ተቋማት ከአቅም በላይ አይደለም። በኮምቦልቻ፣ በሐርቡና በከሚሴ የምትኖሩ አንባቢያን፣ የከተማችሁን የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የፍሳሹ ልኬት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተወሰደና ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱም በጽሑፍ ይሰጣችሁ።